ስለ ጸሎት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ዘንድ በተለይም ጸሎትን እንደ አዲስ መጀመር በሚፈልጉ ሰዎች ዘወትር የሚነሡ ናቸው። መልሶቹ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት ይዘው የተጻፉ ናቸው፤ የጸሐፊው የግል አስተያየት የገባበት ቦታም አለ፣ ያስታውቃል። ኑሮአችሁን በቅርብ የሚያውቅ የንስሐ አባት ካላችሁ እርሱ የሚላችሁ ከዚህ ገጽ ይበልጣል።

እግዚአብሔር የሚያስፈልገኝን የሚያውቅ ከሆነ መጸለይ ለምን አስፈለገ?

ጌታ ሁለቱን ነገር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸዋል። በተራራው ስብከት «ሳትለምኑት አባታችሁ የሚያስፈልጋችሁን ያውቃልና» አለ፤ ወዲያው ደግሞ «እናንተስ እንዲህ ጸልዩ» ብሎ አቡነ ዘበሰማያትን አስተማረ (ማቴ. 6፥8-9)። ማወቁ ለመጸለይ ምክንያት ሆኖ ነው የቀረበው። የሚያውቀንን አባት ፊት ለፊት እናነጋግረዋለን፤ ወሬ ለማድረስ አይደለም የምንቆመው።

የአቡነ ዘበሰማያትን ቅደም ተከተል አስተውሉ። ስምህ ይቀደስ፣ መንግሥትህ ትምጣ፣ ፈቃድህ ይሁን ይላል፤ የዕለት እንጀራ የሚጠየቀው ከእነዚህ በኋላ ነው። ከዚያ ይቅርታ፣ ከዚያ ከፈተና መጠበቅ ይከተላል። አብዛኞቻችን ግን በስመ አብ ብለን ሳንጨርስ ኪራይና ቪዛ ላይ እንደርሳለን። ኪራይና ቪዛም ይጠየቃል፣ ነውር የለበትም። ምስጋና ሳይቀድመው፣ ኃጢአት ሳይነገርበት፣ የሌላ ሰው ስም አንዴ እንኳ ሳይነሣበት ካለቀ ግን ጎዶሎ ጸሎት ነው።

በቀን ስንት ጊዜ መጸለይ አለብኝ?

ነቢዩ ዳዊት «ስለ ጽድቅህ ፍርድ ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» ብሏል (መዝ. 118፥164)። ቤተ ክርስቲያናችንም በዚህ መሠረት ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም እና መንፈቀ ሌሊት።

እዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን ሳናስተውለው የምናልፈው ዕድል አለን። በሐዋርያት ሥራ ቀኑ የሚቆጠረው ልክ እንደ እኛ ከንጋት ጀምሮ ነው። ስለዚህ በጰራቅሊጦስ ዕለት ጴጥሮስ ቆሞ «ከቀኑ ሦስተኛ ሰዓት ነውና» ሲል የእኛው የጠዋቱ ሦስት ሰዓት ማለቱ ነው። ፈረንጁ አስልቶ የሚደርስበትን እኛ እንዳለ እናነበዋለን። ሠለስት ላይ ስንቆም መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበትን ሰዓት፣ ቀትር ላይ በስድስት ሰዓት ስንቆም ጌታ የተሰቀለበትን እናስባለን። ጴጥሮስም በኢዮጴ ጣራ ላይ ወጥቶ የጸለየው በዚሁ በስድስት ሰዓት ነበር (ሐዋ. 10፥9)። ተሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ጌታ በመስቀል ላይ ነፍሱን የሰጠበት። ጴጥሮስና ዮሐንስ ወደ መቅደስ ሲወጡ በመልካም በር የተቀመጠውን አንካሳ ያገኙትም «በጸሎት ጊዜ በዘጠኝ ሰዓት» ነው (ሐዋ. 3፥1)። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሠርክ ይመጣል፤ ጌታ ከመስቀል ወርዶ ወደ መቃብር የገባበት ጊዜ ነውና «እጅ መንሣቴም እንደ ሠርክ መሥዋዕት ትሁን» እየተባለ ይጸለያል። ነግህ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ሌሊቱን በሰላም ላሳለፈን ምስጋና የምናቀርብበት፣ ጌታም በጲላጦስ ፊት መቆሙን የምናስብበት። ንዋም ከመኝታ በፊት ሲሆን በጌቴሴማኒ ያደረገውን ጸሎት ያስታውሰናል። ሌሊት ስድስት ሰዓት ደግሞ ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ወኅኒ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ እግዚአብሔርን ያመሰገኑበት ሰዓት ነው (ሐዋ. 16፥25)።

ሰባቱን ሳያጓድል የሚጠብቅ ገዳማዊ ነው፣ ካህን ነው። ሥራና ልጅ የያዘው ምእመን ጠዋትና ማታውን ያጽና፤ በመካከል ያሉትን ደግሞ በአንድ አቡነ ዘበሰማያት ያስታውሳቸው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቢሮ ውስጥ ወንበር ላይ ሆኖ «አቤቱ በመንግሥትህ አስበኝ» ያለ ሰው ሰዓቱን አላለፈውም።

የጸሎት መጽሐፉ ብዙ ነው። ከየት ልጀምር?

ከትንሹ ጀምሩ። «የዘወትር ጸሎት» የሚባለው መጽሐፍ በማንኛውም የንዋያተ ቅድሳት ሱቅ ይገኛል። አማትቦ በስመ አብ ማለት፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ከዚያም በኒቅያ በ325 ዓ.ም. እና በቁስጥንጥንያ በ381 ዓ.ም. የተሰበሰቡ አባቶች የሠሩት ጸሎተ ሃይማኖት ለጀማሪ በቂ ነው። ከዚህ ሲጸና ውዳሴ ማርያም ይጨመራል። በቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ የተደረሰ ነው የሚባለው ይህ ምስጋና ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ የቀረበ ስለሆነ የየቀኑ ድርሻ አይከብድም።

ዳዊት ሌላ ነው። መቶ ሃምሳው መዝሙር ለሳምንት ሲከፈል የሰኞ ድርሻ ብቻ ሠላሳ መዝሙር ይደርሳል። ብዙ ሰው ስለዚህ በቀን አንድ ንጉሥ፣ ማለትም አሥር መዝሙር ይደግማል፤ ከዚያም ያነሰ አለ። በዐቢይ ጾም መግቢያ በጋለ ስሜት «ዘንድሮስ ሙሉ ዳዊት ነው» ብሎ በመጀመሪያው ሳምንት በዘወረደ ጀምሮ በሦስተኛው በምኩራብ የሚያቆመው ስንቱ ነው! ሦስት መዝሙር ለዓመት የጸለየ ሰው ከእርሱ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። መጠኑን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ወስኑት፤ ስትወስኑም በምትደክሙበት ቀን ልትፈጽሙት የምትችሉትን ያህል ይሁን።

ግእዙን ሳልረዳው ብደግመው ጸሎት ይሆናል?

ይሆናል፣ ግን እዚያ ላይ አትቅሩ። ሐዋርያው «በመንፈስ እጸልያለሁ በአእምሮም ደግሞ እጸልያለሁ» ይላል (1ቆሮ. 14፥15)። ዛሬ ግእዝና አማርኛ ጎን ለጎን የታተመባቸው የጸሎት መጻሕፍት ሞልተዋል። አማርኛውን ለወር ያህል ጸልዩበት፤ ከዚያ ወደ ግእዙ ስትመለሱ ቃሉ ይበራላችኋል። ከቤተ ክርስቲያን ጋር አብሮ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ለማለትም ግእዙን ማወቅ ይጠቅማል።

ውጭ አገር ተወልደው በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ ወይም በዕብራይስጥ የሚያስቡ ልጆች ባላቸው ቋንቋ ይጸልዩ። አቡነ ዘበሰማያትን በግእዝ ማስጠናት መልካም ነው፤ ካልቻለ ተብሎ ልጅን መቆጣት ግን ጸሎትን እንዲጠላ ማድረግ ነው።

ከመጽሐፍ ማንበብ ይሻላል ወይስ በራስ ቃል መጸለይ?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከፕሮቴስታንት ጓደኛ ጋር ከተደረገ ክርክር በኋላ ነው። ጓደኛው «በከንቱ አትድገሙ» የሚለውን ጥቅስ ይጠቅሳል (ማቴ. 6፥7)። ጥቅሱን እስከ መጨረሻው እናንብበው። ጌታ የነቀፈው አሕዛብ «በመናገራቸው ብዛት እንዲሰሙ ይመስላቸዋልና» ብሎ ነው። በቃል ብዛት አምላክን ማስገደድ ይቻላል የሚለውን ሐሳብ ነው ያፈረሰው። መድገምን በራሱ ነቅፎት ቢሆን ኖሮ በጌቴሴማኒ «ሦስተኛ ያንኑ ቃል ደግሞ ጸለየ» ተብሎ አይጻፍለትም ነበር (ማቴ. 26፥44)።

ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ ደግሞ መስቀሉ ላይ አለ። ጌታ በሥቃዩ ሰዓት የጮኸው «አምላኬ አምላኬ፥ ስለ ምን ተውኸኝ?» የሚለው ቃል የ21ኛው መዝሙር መጀመሪያ ነው። «ነፍሴን በእጅህ አደራ እሰጣለሁ» ያለውም ከ30ኛው መዝሙር ነው። ከእርሱ በላይ ከልቡ የጸለየ የለም፤ የጸለየውም በተጻፈ ቃል ነው። ስለዚህ የመጽሐፍ ጸሎት የልብ ጸሎት አይደለም የሚለው ክርክር አያስኬድም።

ይህን ስል ግን የእኛን ሰው ድክመት ልሸፍን አይደለም። መጽሐፉን ዘግቶ ሁለት ዐረፍተ ነገር በራሱ አንደበት ለእግዚአብሔር መናገር የሚያፍር ኦርቶዶክሳዊ ብዙ ነው። ሐና በሴሎ ያለቀሰችው ከመጽሐፍ እያነበበች አልነበረም፤ ቀራጩም «አምላክ ሆይ፥ እኔን ኃጢአተኛውን ማረኝ» ሲል ደረቱን እየደቃ ከራሱ አውጥቶ ነው (ሉቃ. 18፥13)። አባቶች የደረሱትን ስትጨርሱ መጽሐፉን አስቀምጡና የቀኑን ነገር በራሳችሁ አማርኛ ንገሩት። የበደላችሁትን ሰው ስም ጥሩ። አመስግኑ። ቃሉ ቢያምር ባያምር ግድ የለም።

ለጸሎት ስቆም እንዴት ልሁን? መስገድ ግዴታ ነው?

ፊትን ወደ ምሥራቅ መልሶ፣ ነጠላ መስቀለኛ አጣፍቶ፣ ጫማ አውልቆ መቆም የተለመደው ሥርዓት ነው። ምሥራቅ የሆነበት ምክንያት ገነት በምሥራቅ ስለተተከለች (ዘፍ. 2፥8)፣ ጌታም ዳግም ሲመጣ መብረቅ ከምሥራቅ እንደሚወጣ ይመጣል ስለተባለ ነው (ማቴ. 24፥27)። ሲጀመር፣ የሥላሴ ስም ሲጠራና መስቀሉ ሲነሣ እናማትባለን። በ41 ወይም በ64 ፍሬ መቁጠሪያ እግዚኦታ ማድረስም የቆየ ልማድ ነው።

ስግደት የሰውነት ጸሎት ነው። ነገር ግን የንስሐ ስግደት የማይሰገድባቸው ጊዜያት አሉ። በእሑድ፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት እና ሥጋ ወደሙ በተቀበልንበት ዕለት አይሰገድም። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች በ20ኛው ቀኖና የእሑዱንና የሃምሳውን ቀን ጸሎት ቆማችሁ አድርሱ ብለዋል። ሰሙነ ሕማማት ላይ ሲደርስ ደግሞ ጉልበት እስኪዝል ይሰገዳል።

ጉልበቱ የታመመ፣ ነፍሰ ጡር፣ አልጋ ላይ ያለ ሰው ተቀምጦም ተኝቶም ይጸልያል። እናቶቻችን እርጅና ሲይዛቸው ግድግዳ ተደግፈው ዳዊታቸውን ሲደግሙ «ተቀመጡ» ብትሏቸው አይሰሟችሁም፣ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ስጸልይ ሐሳቤ ይበታተናል። ምን ላድርግ?

ይህን የማይጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። ሐሳብ ሲሄድ ሳይናደዱ መመለስ ነው፤ ቢሄድ መመለስ፣ ቢሄድ መመለስ። ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ይረዳል። ስልክን ሌላ ክፍል መተው ከዚያ ይበልጥ ይረዳል። ጸሎቱ ሲረዝም ሐሳብ ይበልጥ የሚበተንበት ሰው ያሳጥር። ሐሳቡ አንድ ነገር ላይ ብቻ እየሄደ ካስቸገረ፣ የሚሄድበትን ነገር ራሱን ጸሎት አድርጉት፤ የባንክ ዕዳ ከሆነ ስለ ባንክ ዕዳው፣ ቂም ከሆነ ስለ ቂሙ።

ለዓመታት ጸልያለሁ፣ መልስ የለም። እግዚአብሔር አይሰማኝም ማለት ነው?

ልጅ የለመኑ፣ ትዳር የለመኑ፣ ከስደት መጥሪያ ወረቀት የለመኑ፣ የታመመ ሰው እንዲድን ለምነው የቀበሩ ሰዎች የሚጠይቁት ጥያቄ ነው። «ታገሥ ይመጣል» ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። ሁሉም አይመጣም።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህን አይደብቅም። ሐና ለመነች፣ ሳሙኤልን አገኘች። ጳውሎስ ግን ሥጋውን የሚወጋው እሾህ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተወገደለትም፤ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ነው የተባለው (2ቆሮ. 12፥8-9)። ዳዊት ለታመመ ልጁ ሰባት ቀን ጾሞ መሬት ላይ ተኝቶ ለመነ፤ ልጁ ሞተ። ጌታም «ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» ብሎ ጽዋዋን ጠጥቷል። እነዚህ ሰዎች እምነት አንሷቸው ነበር የሚል ማን ነው? ስለዚህ ማንም መጥቶ «ያልተመለሰልሽ እምነትሽ ጎድሎ ነው» ቢልሽ፣ እኅቴ፣ አትስሚው። የመልስ ጊዜ ቆርጦ፣ ገንዘብ ተቀብሎ ትንቢት የሚሸጥ ሰው ደግሞ በየትኛውም ልብስ ቢመጣ ነጋዴ ነው።

በእርግጥ ራሳችንን የምንመረምርበትም ነገር አለ። ሐዋርያው ያዕቆብ «በክፉ ትለምናላችሁና አትቀበሉም» ይላል (ያዕ. 4፥3)። የባልደረባዬ ሥራ ለእኔ ይሁን ብሎ የሚጸልይ ሰው ባይሰማ አይገርምም። አንዳንዴም የምንለምነውን በራሳችን እጅ ማድረግ እየቻልን ዝም ብለን እንጸልያለን፤ ፈተና ሳያጠኑ አሳልፈኝ እንደሚሉት ተማሪዎች።

ከዚህ ውጭ ያለው ሐዘን መልስ በመደርደር አይጠፋም። መዝሙረ ዳዊት ውስጥ «እስከ መቼ» የሚለው ጩኸት ተደጋግሞ መገኘቱ ያለ ምክንያት አይደለም። መቆጣትን፣ ማልቀስን፣ ለምን ማለትን ያስተማረን ራሱ የጸሎት መጽሐፋችን ነው። 87ኛውን መዝሙር አንብቡት፤ በጨለማ ተጀምሮ በጨለማ የሚያልቅ ጸሎት ነው፣ ሆኖም ከመጽሐፉ አልወጣም። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? እንባ ያለ ቃል ጸሎት ነው፤ ቃል ባጣችሁበት ቀን እርሱን ይዛችሁ ቁሙ።

ስለት ብሳል ጸሎቴ ቶሎ ይሰማል?

ስለት መሳል የተፈቀደ ነው፤ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሚተመው ሕዝብ ግማሹ ስለቱን ሊያስገባ ነው የሚሄደው። የምስጋና ምልክት ሆኖ ሲሳል ያምራል። ዋጋ ተተምኖለት እንደ ውል ሲሳል ግን መልኩን ይለውጣል። ከአቅም በላይ አትሳሉ፤ «ተስለህ ሳትፈጽም ከመቅረት ሳትሳል መቅረት ይሻላል» የሚለው መክብብ 5፥5 ነው።

በበደለኝ ሰው ላይ ዳዊት ላስደግምበት?

አታስደግሙ። 108ኛውን መዝሙር ቆጥሮ፣ የሰው ስም ጠርቶ፣ ለዚሁ ተብሎ ደጋሚ ከፍሎ ማስደገም በአገራችን የቆየ ነገር ነው፤ ቆይቷል ማለት ግን ትክክል ነው ማለት አይደለም። ዳዊት በመዝሙሩ የበደለኛውን ክፋት ለእግዚአብሔር ፍርድ ሰጠ። ራሱ ሳኦልን በዋሻ ውስጥ እጁ ላይ አግኝቶ ሳይነካው ነው ያለፈው። የመዝሙሩን ቃል ይዞ ልቡን የተወ ሰው ጥንቆላ እንጂ ጸሎት አላደረገም።

ፍርድ ቤት ያለ ጉዳይ ካላችሁ ተከራከሩ፤ የተበደላችሁትንም ለእግዚአብሔር ንገሩት፣ እውነቱ እንዲወጣ ለምኑ። «ስለሚያሳድዱአችሁም ጸልዩ» የሚለው ትእዛዝ ከባድ መሆኑን ማንም አይክድም። መጀመሪያ ላይ የምትችሉት «ጌታ ሆይ፣ ይህን ሰው አንተ ታውቀዋለህ» ማለት ብቻ ከሆነ እሱኑ በሉ።

ከሰው ተጣልቼ እያለሁ መጸለይ እችላለሁ?

መጸለይ ትችላላችሁ፤ ዕርቁን ማዘግየት ግን አትችሉም። ጌታ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ መጀመሪያ ከወንድሙ እንዲታረቅ ያዘዘው መባ ይዞ የመጣውን ሰው ነው (ማቴ. 5፥23-24)። ቅዱስ ጴጥሮስም ባሎች ሚስቶቻቸውን እንዲያከብሩ ሲመክር ምክንያቱን «ጸሎታችሁ እንዳይከለከል» ብሎ ይገልጻል (1ጴጥ. 3፥7)። ሚስቱን ሰድቦ ወጥቶ ኪዳን ለማድረስ የሚሮጥ ወንድም ይህን ጥቅስ ደጋግሞ ቢያነበው ጥሩ ነው። ዕርቅ በሌላው ሰው እምቢታ ከቆመ፣ ሽማግሌ ልካችሁ ካልተሳካ፣ ቀሪው የእናንተ አይደለም።

እመቤታችንንና ቅዱሳንን መለመን ለምን አስፈለገ?

ጓደኛችሁን «በጸሎትህ አስበኝ» እንደምትሉት ነው። ቤተ ክርስቲያን በሥጋ የተለዩን ቅዱሳን በእግዚአብሔር ዘንድ ሕያዋን እንደሆኑ ታምናለች፤ በራእይም የቅዱሳን ጸሎት በወርቅ ዕቃ እንደ ዕጣን ሲቀርብ ታይቷል (ራእ. 5፥8)። አምልኮት ለሥላሴ ብቻ ነው።

ዓረብ አገር ሰው ቤት ነው የምሠራው። መስቀል እንኳ ማውጣት አልችልም። እንዴት ልጸልይ?

እኅታችን፣ የሐና ከንፈር ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው፤ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። ካህኑ ዔሊ እንኳ ሰክራለች ብሎ ጠረጠራት፣ እግዚአብሔር ግን ሰማት (1ሳሙ. 1፥13)። በእጅሽ ማማተብ ካልቻልሽ በልብሽ አማትቢ። ልብስ ስትተኩሺ፣ ሕፃን ስታስተኚ «አቤቱ ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ ማረኝ» ማለትን ማንም አይቶ አይከለክልሽም። በቃልሽ የምታውቂውን መዝሙር ሁሉ ያዢው፤ 22ኛው መዝሙር፣ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፥ የሚያሳጣኝም የለም» የሚለው፣ ለመሸምደድ አይከብድም። እሑድ ወጥተሽ ማስቀደስ ባትችዪ የአንቺ ኃጢአት አይደለም። በደል እየደረሰብሽ ከሆነ ግን ጸሎቱን ሳትተዪ ለምታምኚው ሰው ተናገሪ፤ ዝም ብሎ መሸከም መንፈሳዊነት ነው ያለሽ ተሳስቷል።

በወር አበባ ጊዜ መጸለይ ይከለከላል?

ጸሎት አይከለከልም። ሥርዓቱ የሚያግደው ወደ ቤተ መቅደስ መግባትንና መቁረብን ነው። ውዳሴ ማርያሙም ዳዊቱም በቤት ይቀጥላል። በዚህ ጉዳይ ላይ ከመንደር ወሬ ይልቅ የንስሐ አባትን መጠየቅ ይሻላል።

ታምሜአለሁ። መድኃኒቴን ትቼ በጸሎትና በጠበል ብቻ ልቆይ?

አትተዉ። በመጽሐፈ ሲራክ 38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን አክብረው፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እርሱ ነው፣ አስተዋይ ሰውም አይንቀውም ሲል ይቀጥላል። እዚያው ላይ ስትታመም ጸልይ፣ ከኃጢአትህም ተመለስ፣ ከዚያም ለሐኪም ቦታ ስጠው የሚል ቅደም ተከተል አለ። ይህ መጽሐፍ በቤተ ክርስቲያናችን ቀኖና ውስጥ ያለ ስለሆነ «ሐኪም ቤት መሄድ እምነት ማጣት ነው» የሚል ሰው ከመጽሐፉ ጋር ነው የሚጣላው።

የኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ መድኃኒቱን አቋርጠው ጠበል የገቡ፣ በዚያም የሞቱ ነበሩ። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. መድኃኒቱንና ጠበሉን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ የተናገሩት ለዚህ ነው። የቲቢ፣ የስኳር፣ የአእምሮ ሕመም መድኃኒትም እንደዚያው ነው። ያለ ሐኪም ምክር አታቁሙ። ቅዱስ ያዕቆብ የታመመው ሰው የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ጠርቶ ይጸልዩለት፣ ዘይትም ይቀቡት ሲል (ያዕ. 5፥14) ሐኪሙን አስወጡት አላለም።

ከቤተሰብ ጋር እንዴት እንጸልይ? ልጆቹ ይሰለቻሉ።

አሳጥሩት። ከእራት በፊት አቡነ ዘበሰማያት፣ አንድ መዝሙር፣ ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ በቀኑ ውስጥ ስላመሰገነበት አንድ ነገርና ስለሚጸልይለት አንድ ሰው ይናገር። አምስት ደቂቃ በቂ ነው። ትንሹ ልጅ ለድመቷ ልጸልይ ቢል ይጸልይ። አባት ስልኩን እየነካ ልጆቹን «ቁሙ» ቢል ግን አይሆንም። ጌታ «ሁለት ወይም ሦስት በስሜ በሚሰበሰቡበት» ያለው (ማቴ. 18፥20) ለሳሎንም ይሠራል።

በስልክ ከመተግበሪያ ላይ ማንበብ ይቻላል?

ይቻላል። ባቡር ላይ፣ ፈረቃ ላይ፣ ሆስፒታል አልጋ ላይ ላለ ሰው ብዙ ይረዳል። የአውሮፕላን ሁነታውን አብሩትና አንብቡ፤ ያለበለዚያ በ50ኛው መዝሙር መካከል የቲክቶክ መልእክት ይገባል። ቤት ውስጥ ግን የወረቀቱ መጽሐፍ ይሻላል ባይ ነኝ።

እየጸለይኩ ሳለ በር ቢንኳኳ፣ ልጅ ቢያለቅስ ላቋርጥ?

ሕፃኑን አንሡት። እንግዳውን ተቀበሉት፣ ቡናም አፍሉለት። ሲሄድ ካቆማችሁበት መስመር ቀጥሉ፤ ከበስመ አብ እንደገና መጀመር አያስፈልግም።